በጥርስ የተሰማው ሞተር

ቶሮንቶ፣ ሜይ 8 ቀን 1995

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ በየነ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ የወፍጮ ቤቱ ሥራ እንዴት ነው? ልጅዎ መቅደስስ ትምህርቷን ጨረሰች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ስንታየሁ አሁንም ታክሲ ይነዳል። ክሬሰንት ታውን ያለው አፓርትመንታችንም እንደነበረ ነው፤ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነፋሱ ሲያፏጭ ይውላል።

ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴን ከክፋት አይቁጠሩብኝ። በጃንዋሪ ከኢቶቢኮው ፋብሪካ ሌይኦፍ አደረጉኝ። ሰባት ዓመት የነዳጅ ታንከር የበየድኩበት ቤት ነው፤ በአንድ ቀን «ጨርሰናል» አሉን። ይህን ለርስዎ መጻፍ አፍሬ ቆየሁ። ዛሬ የጻፍኩት ግን ሌላ ነገር ስለያዘኝ ነው፤ እባክዎ ሳይስቁ ያንብቡልኝ።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ «አንድ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ በያጅ ይፈልጋል» አለችኝ። አድራሻውን ይዤ ስሄድ የወደቡ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ደረስኩ፤ የጨው ክምርና የሲሚንቶ ጎተራ ብቻ ያለበት ቦታ ነው። እዚያ የታሰረውን ነገር ሳይ እግሬ ቆመ። የዓሣ ማስገሪያ መርከብ ነው፤ ትሮውለር ይሉታል፤ መረቡን ከውሃ ሥር ከኋላው እየጎተተ የሚያጠምድ። ሃያ ሜትር ይረዝማል፤ አካሉ ብረት ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዝጓል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ውቅያኖስ ላይ ኮድ የሚባል ዓሣ ሲያወጣ ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ዓሣው አለቀ ተብሎ ማጥመድ ሲከለከል ባለቤቶቹ በርካሽ ሸጡት። የገዛው ሰው እዚህ ድረስ አስጎትቶ ምግብ ቤት ላደርገው ነው ሲል ከሰረ። አሁን ሚስተር ፌሬራ እጅ ገብቷል።

ሚስተር ፌሬራ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ወጣትነቱን በዚህ ዓይነት መርከብ ላይ ነው የጨረሰው። «ደሞዝ የለኝም፤ አካሉን ካዳንሽው ግን ግማሹ ያንቺ ነው» አለኝ። ስንታየሁ ይህን ሲሰማ «ግማሽ ዝገት!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ሁለት ቀን አላናገረኝም።

አካሉን አልፈራውም፤ ብረት አውቃለሁ። የከበደኝ ሞተሩ ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው ናፍጣ ሞተር ነው፤ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ሦስት ዓመት ዝም ብሏል። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ ምጽዋ ላይ እጄን ይዘው ወደሚሠሩበት መርከብ ሞተር ክፍል ያወረዱኝ ትዝ ይልዎታል? ጩኸቱን ፈርቼ ሳለቅስ «እዚህ ውስጥ መፍራት ዝም ሲል ነው» ብለውኝ ነበር። ይኸው አሁን ፈራሁ። ዝም ያለ ሞተር ይነሳል ወይ? ቴሌ የሚመችዎትን ቀን ቢጽፉልኝ ኮል አድርጌ አነጋግርዎታለሁ።

እግርዎን የምስም፣ የእህትዎ ልጅ፣
አጸደ


ናዝሬት፣ ግንቦት 30 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአጸደ፣

አምላክ ከነባለቤትሽ በጤና ያቆይልኝ። እኛ ደህና ነን። መቅደስ ማስተማር ጀምራለች።

አልሳቅሁም። ደብዳቤሽን አንብቤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ወፍጮ ቤት ሆኜ እንደገና አወጣሁት። ከባሕር ነገር እጄን ከሰበሰብኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። ባሕሩም ራሱ አሁን የሌላ አገር ነው። ስለዚህ መልስ ላልጽፍልሽ ነበር። ኋላ ግን ባትሪ አሥሮ «እናስነሳው» የሚል ጅል እንዳይመጣብሽ ሰጋሁ።

ስሚኝ። ማንም ቁልፍ አያዙርበት። ከላይ ያሉትን ኖዝሎች፣ ማለት ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን፣ አንድ በአንድ አውጪና በቀዳዳው ቀጭን ዘይትና ናፍጣ ቀላቅለሽ አፍስሺ። ሁለት ሳምንት አትንኪው። ከዚያ ከበስተኋላ ያለውን ትልቁን የብረት ጎማ በብረት ዘንግ እየፈነቀልሽ በእጅ አዙሪው። እምቢ ካለ እንደገና አፍስሺ፤ እንደገና ጠብቂ። በጉልበት ከታገልሽው ይሰበራል። በትዕግሥት ከያዝሽው፣ ያልሞተ ከሆነ ይነግርሻል። የሞተም ከሆነ ይነግርሻል።

ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የነሐስ ሰሌዳ ገልብጠሽ ላኪልኝ። ቁጥር እንዳታስቀሪ።

ስልኩን ተዪው። ስልክ አልወድም።

አጎትሽ፣
በየነ


ቶሮንቶ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1995

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

እንደምን ከርመዋል? ዘመኑን የሰላም ያድርግልዎ። እንቁጣጣሽን እዚያው ዝገት ውስጥ ሆኜ አሳለፍኩት።

በጋውን በሙሉ በመዶሻ ዝገት ስመታ ነበር። መዶሻው «ቲን» ሲል ብረቱ ጤነኛ ነው፤ «ጧ» ሲል በዝገት ተበልቷል። «ጧ» ያለውን በጠመኔ እየከበብኩ፣ ቆርጬ አውጥቼ በአዲስ ላሜራ ደፈንኩት። አርባ አንድ ቦታ ነው። ሚስተር ፌሬራ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ ልቡን ስለሚያመው ዕቃ አላስነሳውም። «ከዚህ በፊት ሴት ብረት ስትበይድ አላየሁም» አለኝ። «እኔም ከዚህ በፊት ፖርቱጋላዊ አለቃ አላየሁም» አልኩት።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። እንዳሉኝ ዘይትና ናፍጣ አፈሰስኩ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። እምቢ አለ። እንደገና አፈሰስኩ። እንደገና እምቢ። አራተኛው ላይ፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ስንታየሁ ምሳ ሊያደርስልኝ ድንገት መጣ። ወደ ሞተር ክፍሉ ወርዶ አያውቅም ነበር። ላቤ ሲንጠባጠብ ሲያይ ሳህኑን አስቀመጠና ከዘንጉ ማዶ ያዘ። ሁለታችን ስንጭነው ከውስጥ የሆነ ነገር ተነፈሰ። ጋሼ፣ እውነቴን ነው፤ ትንፋሽ ነበር። ጎማው አንድ ስንዝር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሌላ ስንዝር። ስንታየሁ እጁን ከዘንጉ አንስቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል። «ይህን ሁሉ ብረት ነው ያንቀሳቀስነው?» አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ ታክሲውን አቁሞ አብሮኝ ይውላል።

የሰሌዳውን ቁጥር ገልብጬ ልኬያለሁ። ለበዓል የሚሆንም ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። ቴሌ ቢቀርቡልኝ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ለአምስት ደቂቃ ብቻ።

አክባሪዎ፣
አጸደ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ አጸደ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለስንታየሁም። ኮፍያውን ማውለቁን ወድጄለታለሁ።

የላክሽው ደርሷል፤ እግዜር ይስጥሽ። ሌላ ገንዘብ ግን አትላኪ። የምትልኪ ከሆነ የሞተሩን ሥዕል የያዘውን መጽሐፍ ላኪ፤ እዚያ አገር አይጠፋም። ሰሌዳውን ሳነብ ዓይነቱን አወቅሁት። ከዚህ ሞተር ታናሽ ወንድም ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ።

ክረምቱን አታስነሺው። የማቀዝቀዣውን ውሃ በሙሉ አውጪ፤ አንዲት ኩባያ ከቀረች በረዶ ሆና ብረቱን ትሰነጥቀዋለች። ኖዝሎቹን እጠቢ። ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሪ። ስለ ስልኩ ነግሬሻለሁ፤ አትደጋግሚብኝ።

በየነ


ቶሮንቶ፣ ጁን 10 ቀን 1996

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። መጽሐፉን በማርች ልኬ ነበር፤ መልስ ስላልመጣልኝ ደርሶ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ዛሬ የምጽፍልዎ ደስታና ጭንቀት አንድ ላይ ይዞኝ ነው።

ሞተሩ ተነሳ! ግንቦት ልደታ ዕለት። ቀኑን አስቤበት አይደለም፤ ባትሪው የተገኘው ያን ቀን ስለሆነ ነው። ሚስተር ፌሬራ አማተበ፤ እኔም አማተብኩ፤ ስንታየሁ ቁልፉን አዞረ። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር መምታት ጀመረ። አጥንቴ ውስጥ ገባ። መርከቡ በሙሉ፣ በራሴ እጅ የደፈንኳቸው አርባ አንዱም ላሜራዎች፣ አንድ ላይ ሲንቀጠቀጡ ዕቃ ብቻ ነው ማለት አልቻልኩም። ያልታሰበ ነገር ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ ተሰማኝ። ሦስታችንም ጥግ ይዘን እንደ ሕፃን አፋችንን ከፍተን ቆምን።

ደስታው ግን ሩብ ሰዓት አልሞላም። ውስጡ የሆነ ነገር ይመታል። «ቋ፣ ቋ፣ ቋ።» አጠፋነው። ሁለት መካኒክ ጠራን። አንደኛው አላውቀውም አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ክራንክሻፍቱ፣ ዋናው ዘንግ፣ አልቋል፤ ማሠሪያው ከመርከቡ ዋጋ ይበልጣል፤ ለብረት ሽጡት» ብሎን ሄደ። የቦታው ባለቤቶች ደግሞ እስከ ኦገስት መጨረሻ በራሱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ አንሡልን ብለዋል። ሚስተር ፌሬራ ለብረት ገዢው ደውሏል። አይቼዋለሁ፤ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ድምፁን በካሴት ቀድቼ በፈጣን ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ሲነሳም፣ ሲሞቅም፣ ሲፈጥንም ቀድቼዋለሁ። ጋሼ፣ ይስሙልኝ። የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከሰሙ በኋላ እባክዎ በስልክ ይንገሩኝ፤ ደብዳቤ ይዘገያል።

የርስዎው፣
አጸደ


ናዝሬት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ አጸደ፣

መጽሐፉም ካሴቱም ደርሰዋል። ጊዜ የለሽምና አስቀድሜ ስለ ሞተሩ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ሥሪ።

ክራንክሻፍቱ አይደለም። ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር የሚመታው አንዴ ብቻ ነው፤ ክራንክሻፍት ቢሆን በየዙሩ ይመታ ነበር። ደግሞም ድምፁ ስለታም ነው፤ እንደ ችንካር። ያለቀ ብረት የሚያሰማው ደብዛዛ ነው፤ እንደ ዘነዘና። ያንቺ አንድ ኖዝል ነው። አፉ ተከፍቶ ቀርቶ ናፍጣውን ያለ ጊዜው ይደፋዋል። ሞተሩ እየሠራ የናፍጣ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ በመፍቻ ላላ አድርጊ። አንዱን ስታላዪው ምቱ ዝም ይላል። እሱ ነው። ኖዝሉን ለውጪው። ለብረት ገዢው «አትምጣ» በይው።

ሞተሩን ጨርሰናል። የቀረው የኔ ነው።

ስልክ አልወድም ያልኩሽ ውሸት ነው። ጆሮዬ አይሰማም። በየካቲት 1982 ምጽዋ ላይ፣ ከወደቡ ለመውጣት የአንዲት ጀልባ ሞተር ሳዘጋጅ አጠገባችን የወደቀው ነገር የሁለቱንም ጆሮዬን ታምቡር ቀደደው። ሞተሩን በእጄ ዳስሼ አስነሳሁት። ላይ አርባ ሁለት ሰው ተሳፍሯል። ረዳቴ ሙሉነህ ገመዱን ሊፈታ ወደ ምድር ዘሎ ነበር። እኔ እታች ሆኜ ጉልበት ሰጠሁና ጀልባዋ ወጣች። ከላይ ያሉት «አቁም! ሰው ቀርቷል!» እያሉ ጮኸውብኛል። አልሰማሁም። ወደ ላይ ስወጣ ወደቡ ርቋል፤ ሙሉነህ ጠርዙ ላይ ቆሟል። ለመመለስ አይቻልም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ያገኘ የለም። እናቱ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሞጆ ይኖራሉ፤ በአውቶቡስ ሰላሳ ደቂቃ አይሆንም። አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም።

እንግዲህ አንቺ «የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት» ብለሽ ስትጽፊ እንዴት እንዳደረገኝ አስቢው። ካሴቱን ለሰባት ቀን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። በስምንተኛው ቀን መቅደስ አገኘችው። «አባዬ፣ ወፍጮውን እንደምታየው እየው» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ወፍጮውን የማስታምመው በካቻቢቴ ነው፤ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጥርሴ መሃል አደርገዋለሁ፤ መንቀጥቀጡ በአጥንቴ ይመጣል። የቴፑን ክዳን ፈትታ ድምፅ ማጉያውን አወጣችልኝ። ጫፉን አሳረፍኩበት፤ እጀታውን ነከስኩ።

መጣ። ሩቅ ነው፤ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ነው፤ ግን መጣ። ስድስቱንም ለየኋቸው። ችንካሩንም ለየሁት። እንባዬ ጢሜ ላይ እየወረደ ቁጥር እቆጥር ነበር። ከዚያ ሞተሩ ቆመና ሌላ ነገር መጣ፤ የሴት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ምን ይመስልዎታል?» የሚል። በስድስት ዓመት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው የሰው ቃል ያንቺ ነው።

መቅደስ ፊቴን አይታ ገባት። ጫፉን ከቴፑ ላይ አንስታ አገጯ ላይ አሳረፈችው። «አባዬ» አለችኝ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህ ለአንዳችንም አልታየንም ነበር። ድምፅዋ ጎርንኗል። ሳይነግሩኝ ትልቅ ሰው ሆናለች።

ፈጥነሽ ጻፊልኝ።

በየነ


ቶሮንቶ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1996

ለውድ አባቴ፣ ለጋሼ በየነ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረስዎ። ደብዳቤዎ ኦገስት አሥራ ሦስት ደረሰኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ እንዳሉኝ ወደ ሥራ ሮጥኩ። ሁለተኛውን ያነበብኩት ሞተር ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። ስንታየሁ አንብቦ መልሶ ሰጠኝና «ይህ ሰው ጥርሱን ይጠብቅልን» ብቻ አለ።

አምስተኛው ነበር። አንደኛውን አላላሁ፤ ይመታል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ ይመታል። አምስተኛውን ሳላላው ዝም አለ። ዝም! ኖዝሉን ለወጥነው፤ ብረት ገዢውንም «አትምጣ» አልነው። ሚስተር ፌሬራን «አጎቴ ከናዝሬት ሆኖ ነው ያገኘው» አልኩት። «ናዝሬት? የጌታ አገር?» አለኝ። «አይ፣ የኛ ናዝሬት» አልኩት። እስካሁን ያመነኝ አይመስለኝም። በእርስዎ ስም ቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ማብራቱን ግን ከባለቤቱ ሰምቻለሁ።

ኦገስት ሃያ ዘጠኝ ወጣን። ከመርከብ መተላለፊያው ለመውጣት መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ በሙሉ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ቀይ መብራት በራ፤ አጥሩ ወረደ፤ መኪናው ሁሉ ቆመ። ስንታየሁ መርከቧ አፍንጫ ላይ ሆኖ የቆሙትን ታክሲዎች እያየ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ድልድይ ላይ ስረግም ነበር፤ ለካ የሚያስቆመኝ ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው!» ብሎ ጮኸ።

ከደሴቶቹ አልፈን ሐይቁ ገጠመን። ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቡ ኖሬአለሁ። ከአሥራ ስምንተኛ ፎቅ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ሰማያዊ መስመር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰዓት ሄድን፤ ሁለት ሰዓት ሄድን። የከተማዋ ረጅሙ ግንብ እንደ መርፌ ቀጠነና ጠፋ። በአራቱም ማዕዘን ውሃ ብቻ ሆነ። ጨው የለው፤ በእፍኜ ዘግኜ ጠጣሁት። ይህን የሚያህል የሚጠጣ ውሃ እግዚአብሔር አንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ እኔ ከሥሩ ያለችውን ከተማ ብቻ ስዞር መኖሬ አስገረመኝ። ሚስተር ፌሬራ መሪውን ለቀቀልኝ። «ያዢው፤ ግማሹ ያንቺ ነው» አለኝ። ትልቅ ማዕበል አልነበረም፤ ግን ከሥሬ ያለው ጥልቀት ሁለት መቶ ሜትር እንደሆነ ስሰማ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ያን ሁሉ ጥልቀት የሚለየኝ የራሴ ብየዳ ነው።

ለመጪው በጋ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊከራዩን ነው፤ መረብ እየጎተትን ሐይቁ ውስጥ ያለውን ዓሣ ሊቆጥሩ። ከዚህ በፊት ለራስዎ ምንም ለምነውኝ አያውቁም። አሁን ይለምኑኝ። የሚፈልጉት ምንድን ነው?

ልጅዎ፣
አጸደ


ናዝሬት፣ ኅዳር 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ልጄ አጸደ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ውሃውን ስላቀመስሽኝ አመሰግናለሁ፤ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ለምኑኝ ካልሽ እለምንሻለሁ። በአጥንት የሚሰማ መሣሪያ እዚያ አገር እንዳለ እስቲ ጠይቂልኝ። ለሬዲዮ አይደለም፤ ለጨዋታም አይደለም። ሞጆ መሄድ አለብኝ። ሙሉነህን እንዴት እንዳጣሁት ለእናቱ ራሴ መንገር አለብኝ። ወረቀት ላይ እየጻፉ እንዲመልሱልኝ አልፈልግም፤ ማንበብና መጻፍም አይችሉ ይሆናል። ካቻቢቴም አገጫቸው ላይ አላሳርፍም። ይርገሙኝም ይስደቡኝም፣ የሚሉኝን ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ።

ከሌለ የለም በይኝ።

በየነ


ቶሮንቶ፣ ጁላይ 28 ቀን 1997

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ። ጊዜ የወሰደብኝ መሣሪያውን ማግኘቱ ነው። አንዲት የጆሮ ባለሙያ የካቻቢቴውን ታሪክ ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና «ታዲያ እኚህ ሰው መስማት ይችላሉ ማለት ነዋ!» አለች። በጭንቅላት ላይ በሚጠልቅ ቀጭን ብረት ተይዞ ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ላይ የሚያርፍ ነው። ሣራ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገር ቤት ትመጣለች፤ ናዝሬት ድረስ ታደርስልዎታለች። ባትሪም ለሁለት ዓመት የሚበቃ አድርጌያለሁ። ሞጆ ለሚሄዱበት ቀን እኔ ከዚህ ሆኜ ከመጸለይ በቀር የማውቀው ነገር የለም።

እስኪደርስዎ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ለሰው ነግሬዋለሁ፤ በሚገባ የነገርኩት ግን አይመስለኝም።

ባለፈው ሐሙስ ከሐይቁ ምሥራቃዊ ጫፍ መረብ ስንጎትት ነበር። አብረውን ሁለት ተመራማሪዎች አሉ። ሚስተር ፌሬራም፣ ሐኪሙ ቢከለክለውም፣ አለ። ጠዋት የወጣው ሁሉ ጣት የምታህል ዓሣ ነው፤ እየቆጠሩ ይመልሱታል። እኩለ ቀን ላይ መረቡ ከበደ። የመረቡ ገመድ መጠቅለያ አቃሰተ። ድንጋይ ነው አልን። ቀስ ብለን ስናመጣው ውሃው ሥር አንድ ጥቁር ነገር ዞረ።

ዓሣ ነበረች። ስንታየሁ አብሮን ነበርና በእሱ ለካኋት፤ ከስንታየሁ ቁመት ትረዝማለች። ቅርፊት የላትም፤ በጀርባዋና በጎኗ እንደ ጋሻ የተደረደረ አጥንት ለብሳለች። ከአፍንጫዋ ሥር አራት ጢም አላት። ስተርጅን ይሏታል። ወጣቷ ተመራማሪ መጻፊያዋን ጣለችው። «እዚህ ሐይቅ ውስጥ ይህን የምታህል አለች ብሎ የሚያምነኝ የለም» አለች። ዕድሜዋን ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምናልባት መቶ ዓመት» አለችኝ። አያቴ ሳይወለዱ ማለት ነው፤ ያ የማየው ግንብ ሁሉ ሳይቆም። ሰው ከላይ ሲያጠምድ፣ ሲያቆሽሽ፣ ከተማ ሲሠራ፣ እሷ እታች ስትዞር ኖራለች።

«ሞተሩን አጥፉ፤ ከኋላ ከሚሽከረከረው መቅዘፊያ ጋር እንዳትነካካ» አለች ተመራማሪዋ። ወርጄ አጠፋሁት። ወደ ውሃው ስትታገል መረቡ ጉሮሮዋ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ብንስባት ታንቃለች። ሚስተር ፌሬራ ቢላውን አወጣና አዲሱን መረብ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። «ሃምሳ ዓመት መረብ ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ስቀድ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። እኔ ሆዴን መርከቧ ጠርዝ ላይ አጋድሜ ጀርባዋን በሁለት እጄ ደገፍኩ። ቀዝቃዛ ናት፤ ጠንካራ ናት፤ ከእጄ ሥር ትተነፍሳለች። ዓይኗ ትንሽ ነው። እኔን አየችኝ ለማለት አልደፍርም፤ እኔ ግን ታይቻለሁ። ከዚያ ጭራዋን አንዴ ብቻ መታችና ወደ ጥልቁ ወረደች።

ማንም ሞተሩን አስነሺ አላለኝም። ለረጅም ጊዜ ውሃው እንደወሰደን ሄድን።

ልጅዎ፣
አጸደ


ናዝሬት፣ መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ አጸደ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ይህን የምጽፍልሽ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እየሰማሁ ነው።

ሣራ መሣሪያውን ራስዋ አጠለቀችልኝ። ስለ ዓሣዋ የጻፍሽውን ለመቅደስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የገዛ ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ የአባቴ ድምፅ ሆኗል። መቅደስ ሳነብ አንዴ እንኳን አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «እስካሁን አለች ማለት ነው?» አለችኝ። «አለች» አልኳት።

በጳጉሜን መጨረሻ ሞጆ ሄድኩ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከዘራ ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አልተነሡም፤ «ተቀመጥ»ም አላሉኝም። ቆሜ ተናገርኩ። አርባ ሁለቱን ሰዎች አልጠራሁም፤ ሰበብ እንዳይመስልብኝ። ጆሮዬ መጎዳቱን ነገርኳቸው፤ ጉልበት የሰጠሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ልጃቸው ጠርዙ ላይ ቆሞ እንደነበር ነገርኳቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ደጅ በአውቶቡስ እያለፍኩ አለመውረዴንም ነገርኳቸው።

ዝም አሉ። የዝምታቸውን ርዝመት ሰማሁት፤ ከማዶ የሚጮህ ዶሮ እንኳ ይሰማኝ ነበር። እርግማኑን ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ።

«ያን ቀን ቁርስ በልቶ ነበር?» አሉኝ።

ያልሰማሁ መስሎኝ መሣሪያውን ነካካሁት። ደግመው ጠየቁኝ።

«በልቷል» አልኩ። «ዳቦ በሰርዲን። አብረን ነው የበላነው። ዘይቱ እጀ ጠባቡ ላይ ፈሶበት ሲስቅ ነበር።»

«የትኛው እጀ ጠባብ?»

«ቡናማው። ክርኑ ላይ የተጣፈ።»

«እኔ ነኝ የጣፍኩት» አሉ። ከዚያ ከጎናቸው ያለውን መደብ በእጃቸው ጠረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ያን ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ምን እንዳለ፣ ማን ጋር እንደተቀላለደ፣ ጫማውን እንዴት እንዳሰረ፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የማላስታውሰውን አላስታውስም አልኳቸው። አንዳንዴ ያቋርጡኝና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ ከዚያ «ቀጥል» ይላሉ። ስንቴ እንዲህ እንዳሉኝ አላውቅም። ፀሐይ ዘወር ብላ እግራችን ላይ ደረሰች።

ለመሄድ ስነሳ እጄን ያዙኝ። «እስከ ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ እንዴት እንደቀረ ነው የሚነግረኝ። ያን ቀን ጠዋት እንዴት እንደነበረ የነገረኝ ሰው የለም» አሉኝ። «እሑድ ና። መርከብ ላይ መጀመሪያ የመጣበትን ቀን ትነግረኛለህ።»

ሄድኩ። ከዚያም በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። ከሙሉነህ የመርከብ ታሪክ ገና ሁለተኛው ዓመት ላይ ነን።

እጅሽንም፣ የበየድሽውንም ብረት አምላክ ይጠብቅልኝ። ስንታየሁንና ሽማግሌውን ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ፣
በየነ